የአልፋልፋ ቤል ለጥንቸል ግልገል፦ ቅጠሉን ነው የምንገዛው ወይስ ግንዱን?

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ መኖ ቤቶች በሲባጎ ታስሮ፣ ቤል እየተባለ የሚሸጠው የአልፋልፋ (ለመኖ የሚዘራ ቅጠላማ ተክል) ድርቆሽ በዋናነት ለወተት ላም ተብሎ የሚመጣ ነው። ጥንቸል አርቢው ላም አርቢው መርጦ ከሄደ በኋላ የተረፈውን ይወስዳል። ያም ሆኖ ጡት ለሚጥል የጥንቸል ግልገል ከዚህ የተሻለ ደረቅ መኖ በቀላሉ አይገኝም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሁለት ቤል ጎን ለጎን ተደርድረው በአንድ ዋጋ እየተሸጡ፣ አንዱ ግልገል ያሳድጋል፣ ሌላው ከጭራሮ አይሻልም። ስለዚህ እዚህ የምንገመግመው የአንድን ነጋዴ ዕቃ አይደለም። ቤሉን ራሱን፣ ለግልገል ምን ያህል እንደሚበጅና አጠገቡ ከሚሸጡት መኖዎች ጋር ሲተያይ የት እንደሚቆም ነው የምናየው።

ከመኖ ቤቱ በር እንጀምር። አነስተኛው ባለ አራት ማዕዘን ቤል ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። በቁጥር ከተሸጠ ገዢው ይጎዳል፤ 15 ኪሎውም 20 ኪሎውም "አንድ ቤል" ነው የሚባለው። ሚዛን ላይ ይውጣ ማለት ነውር የለውም። ሲባጎው እንዲፈታ መጠየቅም እንደዚያው፤ ሻጩ አልፈታም ካለ ሌላ መኖ ቤት መሄድ ይሻላል፣ ምክንያቱም ቤል የሚበላሸው ከመሃል ነው። ከውጭ በፀሐይ የነጣ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ከውጭ አረንጓዴ የሆነ ሁሉም ደህና አይደለም።

ሲባጎው ከተፈታ በኋላ እጅን በንብርብሮቹ መካከል እስከ አንጓ መክተት ነው። ሙቀት ከተሰማ ሳይደርቅ ታስሯል፣ ገና እየበሰለ ነው። ቀጥሎ ሽታ። ጥሩ አልፋልፋ የሻይ ቅጠል የሚመስል ቀለል ያለ ሽታ አለው። የሻጋታ ሽታ ካለው ለግልገል አይሆንም፤ "ትንሽ ነው፣ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይለቃል" የሚለው ምክር ሻጋታውን ያደርቀዋል እንጂ መርዙን አያወጣውም። የትምባሆ ወይም የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ጣፋጭ ሽታ ደግሞ ብዙዎችን ያሳስታል። ከብቶች ይወዱታል፤ ግን ድርቆሹ ከመጠን በላይ ግሎ ፕሮቲኑ ከቃጫው ጋር ተጣብቋል ማለት ነው። በወረቀት ላይ ያለው ፕሮቲን እንስሳዋ ሆድ ውስጥ አይፈታም።

ከዚያ ከመሃል አንድ ግንድ ወስዶ በሁለት ጣት መጠምዘዝ። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል። እንደ ገመድ ተጠማዝዞ ከቀረ እርጥበቱ ከፍተኛ ነው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሻግታል።

አሁን ዋናው ፈተና። ከቤሉ ላይ አንድ ኪሎ ያህል ገንጥሎ ንጹሕ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ማራገፍ፣ ግንዱን በእጅ ለቅሞ ማውጣትና የቀረውን ቅጠል መመዝን ነው። 400 ግራምና ከዚያ በላይ ቅጠል ከወጣው ጥሩ ቤል ነው። ከ250 ግራም በታች ከሆነ የተገዛው ግንድ ነው፤ በአልፋልፋ ዋጋ መግዛት የለብንም። ቅጠሉ በደረቅ ክብደት ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን ግንዱ ግን ከ10 እስከ 12 በመቶ ብቻ ነው። ቅጠሉ የት ሄደ ቢሉ፣ ማሳ ላይ በረፋድ ፀሐይ ሲገለባበጥ ረግፏል፣ ሲታሰር ረግፏል፣ መኪና ላይ ሲወጣና ሲወርድ ረግፏል። መኖ ቤቱ ወለል ላይ የሚጠረገው አረንጓዴ ብናኝ ያ ነው። አንዳንድ መኖ ቤት ይህን ብናኝ ለብቻው በርካሽ ይሸጣል። አፈር ካልተቀላቀለበት በወንፊት ነፍቶ መውሰድ ነው፤ ለግልገል ከመኖ ቤቱ ዕቃ ሁሉ ይበልጣል።

ዕድሜውም ከአበባው ይታወቃል። ጥቂት ሐምራዊ አበባ ካለው በጊዜው ታጭዷል። ከአበባው ይልቅ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለሉ ትናንሽ የፍሬ ቋቶች ከበዙበት ግን ዘግይቷል፣ ግንዱ እንጨት ሆኗል። በዚያው ከረጢት ላይ ቅንጨ አረምም ይፈለግ። ነጫጭ ጥቃቅን የአበባ ጭንቅላቶቹ ደርቀውም ይለያሉ፤ መኖውን ከማበላሸቱ በላይ ዘሩ ከፍግ ጋር ጓሮ ይገባል።

እስካሁን ግንዱን ብዙ አማነው። ለግልገል ግን ግንዱም ሥራ አለው፤ ጀማሪ አርቢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጥንቸል መኖዋን የምታብላላው ሲከም በሚባለው ከትንሹ አንጀት ማብቂያ ላይ ባለ ከረጢት መሰል አንጀት ውስጥ ነው። እዚያ የተብላላውን ለስላሳ፣ ንፍጥ በመሰለ ነገር የተሸፈነ ኩስ በአፏ ከፊንጢጣዋ ተቀብላ መልሳ ትውጠዋለች። ዘሌዋውያን 11 ላይ ጥንቸል ከሚያመሰኩት መቆጠሯን ያነበበ ሰው፣ ማመስኳቷን እንደ በግ አድርጎ ካሰበ ግራ ይጋባል፤ የሷ ማመስኳት ይህ ነው። ሸካራው ቃጫ ደግሞ አይብላላም፣ አንጀቱን እየገፋ ይወጣል። ይህ ግፊት ከሌለ የሲከሙ ይዘት ይቆማል፣ ጎጂ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፣ ግልገሏ ትነፋለች፣ ከዚያ ትሞታለች። የሚያድግ ግልገል መኖ ከ15 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲን ሲያስፈልገው፣ ድፍድፍ ፋይበሩም (ቃጫው) ከ14 በመቶ እንዳይወርድ የሚባለው ለዚህ ነው። ቅጠሉ ያሳድጋል፣ ግንዱ ያኖራል።

ስለዚህ አልፋልፋው ብቻውን አይበቃም፣ አጠገቡ የሣር ድርቆሽ ያስፈልገዋል። በአዲስ አበባ ይህ ማለት በአብዛኛው የሱሉልታ ድርቆሽ ነው። ከፕሮቲን አንፃር ደሃ ነው፤ ከ5 እስከ 7 በመቶ አካባቢ ነው፣ ግልገል በእሱ ብቻ አጥንቱ ወጥቶ ይቀራል። ግን ንጹሕና ደረቅ ከሆነ ለአንጀት መግፊያ የሚወዳደረው የለም፣ ርካሽም ነው። ሁልጊዜ መኖ ቋቱ ውስጥ ይኑር፤ ግልገሏ ራሷ ትመርጣለች። የዝሆኔ ሣር ወይም ደሾ ያለው ሰው በዚህ ቦታ ያንን አድርቆ ሊጠቀም ይችላል።

መንገድ ዳር በእስር የሚሸጠው እርጥቡ አልፋልፋስ? ለእናቲቱ እሺ፣ ለግልገል አይመከርም፤ ቢያንስ እስከ 7 ሳምንት። 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። 700 ግራም የምትመዝን የ5 ሳምንት ግልገል በቀን 55 ግራም ያህል ደረቅ መኖ ብትፈልግ፣ ያንን ከእርጥብ ለማግኘት 275 ግራም መብላት አለባት፣ ይኸውም የራሷን ክብደት ከሲሶ በላይ። ሆዷ አይችልም፤ በውሃ ትሞላለች፣ ትራባለች። ጠል ያለበትን በጠዋት አጭዶ መስጠት ደግሞ የበለጠ ያስነፋል። መስጠት ግዴታ ከሆነ ከሰዓት በኋላ አጭዶ፣ ጥላ ሥር በስሱ ዘርግቶ ግማሽ ቀን አጠውልጎ፣ በቀን ለአንድ ግልገል ከ50 ግራም ሳያልፍ። ክምር ላይ የተተወ እርጥብ አልፋልፋ በሰዓታት ውስጥ ይግላል፤ የጋለውን መልሶ ማብረድ አያድነውም።

አመጋገቡን በሳምንት ማየት ይሻላል። ግልገሎች ዓይናቸውን የሚገልጡት ከ10ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ነው። ከ18ኛው እስከ 21ኛው ቀን ባለው ጊዜ ከጎጇቸው እየወጡ መቆንጠር ይጀምራሉ። በዚያን ሰሞን እናቲቱ ጎጆው ውስጥ የምትጥለውን ኩስ ይቀምሳሉ፣ የአንጀታቸውም ጠቃሚ ባክቴሪያ ከዚያ ይመጣል። ጎጆውን በየቀኑ አጥቦ የሚያብለጨልጭ አርቢ ሳያውቅ ይህን ይነጥቃቸዋል፤ እርጥቡን ጉዝጓዝ ብቻ መለወጥ ይበቃል። የተነፋውን የአልፋልፋ ቅጠል በጠፍጣፋ ጣሳ አድርጎ ማቅረብ የሚጀመረው ያኔ ነው፣ ለአንድ ግልገል ቁንጥር ያህል። ብናኙ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ እንዳያስነጥሳቸው ውሃ በጣት ረጨት ይደረግበታል፣ የተረፈው በዚያው ቀን ይደፋል።

ጡት ማስጣል በ35ኛው ቀን ገደማ ነው። በ28ኛው ቀን የሚያስጥሉ አሉ፣ ነገር ግን ያ በፔሌት (በፋብሪካ ተጨምቆ እንደ ፍሬ በሚዘጋጅ መኖ) ለሚመግብ ነው። በድርቆሽ ላይ የቆመ አርቢ አንድ ሳምንት ቢታገስ ያተርፋል። ሲያስጥሉ ልጆቹ አይነሱ፣ እናቲቱ ትነሳ፤ ኬጁ፣ ውሃው፣ መኖው ሁሉ እንደነበረ ይቆይ። ከዚህ ቀን አንድ ሳምንት በፊትና አንድ ሳምንት በኋላ የመኖ ለውጥ አይደረግም። ሌላ ጊዜ አዲስ ቤል ሲከፈት እንኳ ከአሮጌው ጋር እየቀላቀሉ ከ7 እስከ 10 ቀን መውሰድ ነው።

መጠኑ እንዲህ ነው። በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት ለአንድ ግልገል በቀን ከ35 እስከ 40 ግራም የአልፋልፋ ድርቆሽና 15 ግራም ድብልቅ (አሠራሩ ከታች አለ)። ከ7 እስከ 9 ሳምንት ከ50 እስከ 60 ግራም አልፋልፋና ከ20 እስከ 25 ግራም ድብልቅ። ከዚያ በኋላ እስከ 70 ግራም አልፋልፋና 30 ግራም ድብልቅ። የሣር ድርቆሽ ያለ ገደብ፣ ውሃ ያለ ገደብ። ውሃ የተረሳ ቀን ድርቆሽም አይበላም፤ የሚጠጡት ከደረቁ መኖ እጥፍ ያህል ነው።

ድብልቁ ውድ ነገር አይፈልግም። ለ10 ኪሎ፦ ፉርሽካ 6.5 ኪሎ፣ የተሰባበረ በቆሎ 2 ኪሎ፣ የኑግ ፋጉሎ 1.45 ኪሎ፣ ጨው 50 ግራም። ካልሲየም አልፋልፋው ራሱ ስለሚያመጣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት መጨመር አያስፈልግም። ፋጉሎው ሲሰበር ውስጡ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካለው ይመለስ፤ ጥንቸል አፍላቶክሲን ለሚባለው የሻጋታ መርዝ ከብዙ እንስሳት ይልቅ ስስ ናት። ድብልቁን "ትንሽ ጨምርላቸው፣ ይፈጥናሉ" ማለት ደግሞ ብዙ ግልገል የገደለ ደግነት ነው። የግልገል አንጀት ስታርች የሚፈጭበት ኢንዛይም ገና አልጎለበተም። ያልተፈጨው በቆሎ ሲከም ይደርሳል፣ እዚያ ለጎጂዎቹ ባክቴሪያዎች ቀለብ ይሆናል።

ስለ መኖ ቋት አንድ ነገር። ድርቆሽ ወለል ላይ ከተጣለ ረግጠውት፣ ሸንተውበት ብዙው ፍግ ይሆናል፤ ያኔ ጥሩ ቤል መምረጡም ዋጋ የለው። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያለው ሽቦ በ"V" ቅርጽ አጥፎ፣ ታችኛው ጫፍ ከወለሉ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል ግድግዳው ላይ መስቀል ነው። ከላይ ክዳን ይኑረው፤ ክዳን ከሌለው ግልገሎቹ ዘለው ውስጡ ይተኛሉ፣ መኝታቸውም መጸዳጃቸውም ይሆናል። ከሥሩ ትሪ ከተደረገ የሚረግፈው ቅጠል ይለቀማል።

አሁን የሚበላሸው ነገር። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ በየጠዋቱ ከመኖው በፊት ኩሱ ይታይ። ጤነኛው ክብ፣ ደረቅ፣ ሲፈረከስ ውስጡ የሣር ቃጫ የሚታይበት ነው። እያነሰና ጫፉ እየሾለ ከመጣ ቃጫ ወይም ውሃ አንሷል። ተያይዞ ንፍጥ በመሰለ ነገር የተለወሰ ከሆነ፣ ወይም ግልገሏ ጥርሷን እያፋጨች ጥግ ከተኮራመተች፣ ሆዷም ሲነካ ውሃ እንዳለበት ቅል ከተንቦጫቦጨ፣ ድብልቁም እርጥቡም ወዲያው ይነሳ። ለ24 ወይም 48 ሰዓት የሣር ድርቆሽና ንጹሕ ውሃ ብቻ። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ወይም አምፒሲሊን ገዝቶ በአፍ መስጠት ግን ጨርሶ አይደረግም፤ የሲከሙን ጠቃሚ ባክቴሪያ ጠርጎ ያጠፋና ሊተርፍ የሚችለውን ይገድላል።

ኮክሲዲዮሲስ (ኮክሲዲያ የሚባሉ ጥቃቅን ጥገኛ ተሕዋስያን የሚያመጡት በሽታ) በዚሁ ዕድሜ የሚመጣ ሌላው ገዳይ ነው፤ ብዙዎች በመኖው ያማርራሉ፣ ምንጩ ግን ፍጉ ነው። በሽታው ከጥንቸል ወደ ጥንቸል በኩስ ይተላለፋል። የጥንቸል ፍግ ለአልፋልፋ ማሳ ማዳበሪያ ተደርጎ፣ ያው አልፋልፋ በእርጥቡ ተመልሶ ለግልገል ከተሰጠ ዙሩ ተዘጋ ማለት ነው። ፍጉን ለሌላ ሰብል ማድረግ፣ ወይም በደንብ አብላልቶ መጠቀም ነው። የተገዛው ደረቅ ቤል እዚህ ላይ ነጥብ ያገኛል፤ ከጥንቸል ቤት ርቆ የበቀለ፣ ፀሐይ ያገኘው ነው።

የኬጁ ሥር ነጭ፣ ኖራ የመሰለ ሽንት ሲታይ መደንገጥ አያስፈልግም። ጥንቸል ትርፍ ካልሲየሟን በሽንት ታስወጣለች፣ አልፋልፋ ደግሞ ካልሲየሙ ብዙ ነው።

ከቤሉ ጋር የሚፎካከረው ፔሌት ነው። በፍጥነት አንደኛ ነው፤ በደህና የጥንቸል ፔሌት ግልገል በቀን ከ30 እስከ 40 ግራም ጨምራ በ10 ሳምንት ገደማ 2 ኪሎ ትጠጋለች። ከላይ በተጻፈው አመጋገብ ዕለታዊው ጭማሪ ከ15 እስከ 20 ግራም ነው፣ 2 ኪሎ የሚደረሰውም በ15ኛው ሳምንት አካባቢ። ግን ለጥንቸል የተዘጋጀ ፔሌት በየጊዜው የማይገኝ መሆኑ ሌላ አደጋ ያመጣል፦ "ይኸው የዶሮው አለ፣ ለጥንቸልም ይሆናል" የሚል ሻጭ። አይሆንም። የሥጋ ዶሮ መኖ ውስጥ የሚገቡት እንደ ሳሊኖማይሲን፣ ናራሲንና ሞኔንሲን ያሉ የኮክሲዲያ መከላከያዎች ዶሮን ያድናሉ፣ ጥንቸልን ግን ይመርዛሉ። የዶሮ መኖ በተፈጨበት ማሽን ሳይጠረግ የተፈጨ ድብልቅም ያሳስባል። ይህን አንድ ነጥብ ብቻ ብንመዝን እንኳ፣ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ቤል ምን እንደገባበት ከማይታወቅ ከረጢት ይሻላል።

አልፋልፋ የማይገኝበት ወይም ዋጋው ያልተቻለበት ቦታ ምትክ አለው። በደጋ ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ፣ በወላይታና በሲዳማ የስኳር ድንች ሐረግ፣ በቆላ ሽፈራው፤ ሁሉም ጥላ ሥር ደርቀው ቅጠላቸው የአልፋልፋውን ቦታ በከፊል ይይዛል። ሉኪኒያ የሚባለው የመኖ ዛፍ ግን በጥንቃቄ፣ ከዕለቱ መኖ አንድ አሥረኛ ባያልፍ ይመረጣል፤ ሚሞሲን የተባለው ንጥረ ነገር ጸጉር ያረግፋል።

ዋጋን በተመለከተ፣ የቤሉን ዋጋ ለኪሎው ማካፈል ብቻ አይበቃም። ከማራገፉ ፈተና በተገኘው የቅጠል ድርሻ እንደገና ማካፈል ነው። 18 ኪሎ ቤል 40 በመቶ ቅጠል ካለው 7.2 ኪሎ ቅጠል ተገዝቷል፤ 20 በመቶ ከሆነ 3.6 ኪሎ። ሁለተኛው በግማሽ ዋጋ ካልሆነ አይወሰድ፣ ቃጫውን ከፈለግን የሱሉልታው ድርቆሽ በርካሽ አለልን። ጥንቸል በብዙ ቤት ገበታ የማትቀርብ፣ ገዢዋም የተቆጠረ እንስሳ ስለሆነች ትርፉ ጠባብ ነው፤ በመኖ ላይ የባከነ ብር በሽያጭ አይመለስም።

በመስኖ የሚለማ አልፋልፋ በየ30 እና 40 ቀኑ ስለሚታጨድ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል፤ የክረምቱ ግን ሳይደርቅ የታሰረው ይበዛበታል። የዓመቱን መግዣ ከኅዳር እስከ ጥር ማድረግ ነው። ለ10 ግልገሎች፣ ከ3ኛው እስከ 15ኛው ሳምንት፣ በአማካይ በቀን 50 ግራም ቢታሰብ 42 ኪሎ ይሆናል፤ የሚባክነውን ጨምሮ ባለ 18 ኪሎ 3 ቤል ይበቃል። ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ፣ ከግድግዳ ስንዝር ተርቆ፣ ላስቲክ ሳይለብስ ይቀመጥ። ላስቲክ ከሥሩ ላብ ይይዛል።